የጎጆው በር

አናጢው ሦስት ጊዜ በሩን አሰፋው፤ ልጁ ሦስት ጊዜ አጠበበችው።

እሱ ቀን ቀን ፕላኑ ላይ በእርሳስ ሲያሰምር ይውላል፤ እሷ ከሥራ ስትመለስ ላጲሷን ታወጣለች። አባትና ልጅ ናቸውና ግትርነቱ ከአንድ ግንድ የተፈለጠ ነው። ሰፈሩ እሷን ከተማሪነቷ ጀምሮ «ላጲስ» ነው የሚላት፤ ደብተሯ እስኪቀደድ ስለምታጠፋ። ዛሬ የሰው ቤት የምትነድፍ አርክቴክት ሆናም ስሙ አለቀቃትም።

አሁን የምትነድፈው ለአባቷ እርጅና የሚሆን ትንሽ የእንጨት ጎጆ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ጫካው ጫፍ ላይ። በዚህ ጎጆ ነገር ቀልድ አታውቅም። አንድም ዛፍ አይቆረጥለትም። የጎርፉን መንገድ እንዳይዘጋ በድንጋይ እግሮች ላይ ከፍ ብሎ ይቆማል። መስኮቱ የጠዋት ፀሐይ ይቀበላል፣ ጣሪያው የዝናቡን ውሃ በርሜል ውስጥ ያወርዳል። እንጨትም አይገዛም፤ አባቷ በወጣትነቱ በገዛ እጁ የሠራው፣ እስከ ዛሬም አብረው የሚኖሩበት አሮጌ ቤት ሊፈርስ ነውና ከዚያው ይወሰዳል። ይህን ሁሉ አናጢው ወዶታል። የጣሪያውን ወራጅ በጣቱ እያንኳኳ ሲመርጥ ላየው ጎረምሳ ይመስላል። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ጠብ ነው።

እሷ ሰባ ሳንቲ ሜትር ትላለች፤ ጎጆው ትንሽ ነው፣ በሰፊ በር ሙቀቱ ያልቃል። እሱ ከዘጠና አምስት ንቅንቅ የለም። ለምን ሲባል አንዴ ለአልጋው፣ አንዴ ለጠረጴዛው ይላል። አልጋው እዚያው ውስጥ እንደሚገጣጠም የነገራት ደግሞ ራሱ ነው። ውሸት አይሆንለትም ሰውዬው።

እውነቱን ግን በምን አፉ ይንገራት?

ሚስቱ የሞተች ጊዜ ላጲስ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ጎረቤት ወስደው አስቀመጧት። አራት ሰዎች ሣጥኑን ተሸክመው ከመኝታ ቤት ወጡና ኮሪደሩ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ አልዞር አለ። ኮሪደሩን ያጠበበው ማን ሆነና? እሱ ነዋ! ቤቱን ሲሠራ ጓዳውን ትንሽ ላስፋ ብሎ ከኮሪደሩ ቀንሶ። ቢያዘነብሉት፣ ወደ ኋላ ቢመልሱት፣ ቢገፉት እምቢ። በመጨረሻ ሣጥኑን አቆሙት። እሷን አቆሟት ማለት ነው። ሊያዞሩት ሲሉ ከማዕዘኑ ቋሚ ጋር ተጋጨ። ጓ አለ። ከሰዓት በኋላ ዐሥር ሰዓት ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁልጊዜ በዐሥር ሰዓት ማዕዘኑ ላይ ጓ ይላል። መጀመሪያ እንጨት ነው፣ ፀሐይ ሲመታው ይጮኻል ብሎ ራሱን አጽናና። ዳሩ ግን ያ ኮሪደር ፀሐይ አይቶ አያውቅም። እንጨቱን መረመረ፣ ምስማር ጨመረ፣ ምስጥም ፈለገ። ምንም የለም። አሁን ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሞቱን አይፈራም፣ የሚፈራው አወጣጡን ነው። ልጁ ዓይኗ እያየ እንደ ቁም ሣጥን ተገፍቶና ቆሞ መውጣቱን።

አንድ ቅዳሜ ላጲስ ፕላኑን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ሰኞ ለሠራተኞቹ ስለምሰጥ የበሩ ነገር ዛሬ ይለቅ አለችው። ተከራከሩ። ዐሥር ሰዓት ሊሆን ሲል እንደ ልማዷ ተነሥታ ሬዲዮኑን ከፈተች። መብራት ጠፍቶ ኖሮ ሬዲዮኑ ዝም አለ። ቁልፉን ደጋግማ አዞረችው።

ጓ አለ።

ትከሻዋ ዘለለ። አናጢው አየ። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር መጣለት፤ ልጅ ሆና በዚህ ሰዓት ቧንቧ ከፍታ ሳህን ማጠቧ፣ ተማሪ ሆና ጮክ ብላ ማጥናቷ፣ አሁን ደግሞ ሬዲዮኑ። ቢሮዋ ውስጥ ጓደኞቿ የሚቀልዱባትም ትዝ አለው፤ ከነደፈቻቸው ቤቶች አንዱም ኮሪደር የለውም።

«አንቺም ትሰሚዋለሽ?» አላት።

«አየሁ እኮ፣ አባዬ» አለች ሳትዞር። «ከጎረቤት መስኮት። በራችን ክፍት ነበር። እማዬን ሲያቆሟት አየሁ።»

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እሱ ከእሷ፣ እሷ ከእሱ ሲደብቁ ኖረዋል። እንዲህ ያለ ሞኝነት!

«ታዲያ አውቀሽ በሩን ለምን ታጠብቢብኛለሽ?»

«ጠባብ ከሆነ የማትወጣ እየመሰለኝ ነዋ!» አለችና አለቀሰች፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እንደምታለቅሰው፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች።

ጎትቶ አጠገቡ አስቀመጣት። «መውጣቱ አይቀርም፣ ልጄ» አለ። «ተኝቼ ልውጣ እንጂ።»

ላጲሷን አነሣች፤ በሩንም አሰፋችው። ዘጠና አምስት ይበቃል ወይ ብላ ብትጠይቀው፣ የተሸካሚ ክርን እንዳይላጥ መቶ አድርጊው አላት። ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

አሮጌው ቤት ሲፈርስ ሠራተኞቹ የማዕዘኑን ቋሚ ማገዶ ውስጥ ጣሉት። አናጢው ሄዶ አወጣው። ሣጥኑ የተጋጨበት ላይ አውራ ጣት የሚያስገባ ስርጉድ አለው። መላጊያውን አንሥቶ ሊያለሰልሰው ቃጣና ተወው፤ ስርጉዱን ሳይነካ ጠርቦ የጎጆው በር መቃን አደረገው።

ጎጆው የገባ ዕለት ከላጲስ ጋር ደፍ ላይ ተቀመጡ፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሁለቱም ለምን እንደተቀመጡ ያውቃሉ። ዐሥር ሰዓት ሆነ። ቅጠሉ ተንሿሿ። ዐሥር ከሩብ ሆነ፣ ዐሥር ተኩል ሆነ። ምንም የለም።

«ወጣች» አለ አናጢው።

እንደዚያ የጠላው ድምፅ ናፈቀው። ከሚስቱ የቀረው እሱ ብቻ ነበርና እንባው መጣ፤ አልደበቀም። ላጲስ እጁን ያዘች። መሸት ሲል ብርድ ገባ ብላ በሩን ልትዘጋ ተነሣች፤ ትንሽ ይቆይ አላት።