የጓድ እሸቴ ሽጉጥ ግለ ሂስ

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ እሸቴ ሽጉጡን ከወገቡ አውጥቶ ከወርቁ ሚዛን አጠገብ ሲያስቀምጣት፣ አንጥረኛው አብዱልሃኪም ሊያስመዝናት የመጣ መስሎት ነበር። በዚያ ዘመን ፒያሳ ውስጥ ለሚዛን የማይቀርብ ነገር አልነበረም።

«ዝቅ አድርጋ ትመታለች» አለ ጓድ እሸቴ፣ የቤተሰብ ገመና እንደሚያወጣ ሰው ድምፁን ቀንሶ።

ሽጉጧ ማካሮቭ ናት፤ ትንሽ፣ ከኮት ስር የማትታወቅ። ያለፈው ዓመት የአብዮት በዓል ሲከበር የአካባቢው የቀበሌ ሊቃነ መናብርት ኢላማ ተወዳድረው ነበር። ጓድ እሸቴ አምስት ጥይት ተኩሶ አምስቱንም መሬት አበላቸው። ኢላማው ላይ የተሳለው ኢምፔሪያሊስት ባርኔጣው ሳይነቃነቅ ዋለ። የጎረቤት ቀበሌ ሊቀመንበር «ጓድ እሸቴ ጠላትን ከሥሩ ነው የሚነቅለው» ብሎ ተረበው። ጓድ እሸቴ እሪ በከንቱ ያለው ቤቱ ሳይገባ ተረቡ ቀድሞት ውቤ በረሃ ደረሰ።

ቀበሌው ስብሰባ ጠራ፤ ሂስና ግለ ሂስ ተደረገ። ሰዉ ሁሉ ጥፋቱን ሲዘረዝር ከዋለ በኋላ ሂሱ ወደ ሽጉጧ ዞረ። እሷም መልስ ስላልሰጠች ዝምታዋ እንደ እምነት ቃል ተቆጠረባት። ጸሐፊዋ ወይዘሮ የሺዓለም «ጉድለቱ የመሣሪያዋ ነው፤ በጓድ ሊቀመንበሩ እጅ ላይ ምንም ችግር አልተገኘም» ብለው ቃለ ጉባኤ ያዙ። ማኅተም ተመታበት። ከዚያ ወዲያ የሰውየውን እጅ የጠረጠረ ማኅተሙን ጠረጠረ ማለት ነው።

ጓድ እሸቴ የመንግሥት ግምጃ ቤት ወስዶ እንዳያሠራት፣ የገባ መሣሪያ መቼ ይወጣል ብሎ ፈራ። ስለዚህ ወደ አንጥረኛ መጣ። መጥቶም ዓይኑን በአንጥረኛው ክፍል ግድግዳ ላይ አዟዟረ። ቀበሌው የስኳር ማከማቻ እየፈለገ ነበር፤ የአብዱልሃኪም የፊት ክፍል ደግሞ ደረቅ ናት፣ በሯም ሰፊ ነው። አባቱ ከወሎ መጥተው ወናፋቸውን የተከሉባት ክፍል ናት። እሷ ከሄደች የሚተርፈው ጓዳው ነው፤ ጓዳ ገብታ ቀለበት የምታሠራ ሙሽራ ደግሞ ገና አልተወለደችም።

«ሽጉጧ ከታረመች ለስኳሩ ሌላ ቤት ይፈለግለታል» አለ ጓድ እሸቴ። «ካልታረመች ግን፣ ጋሽ አብዱልሃኪም፣ እኔም የሰፊው ሕዝብ አገልጋይ ነኝ።»

ለበዓሉ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

አብዱልሃኪም መሣሪያ ጠግኖ ባያውቅም ዓይን አለው። አፈሙዙ ጫፍ ላይ ማነጣጠሪያዋ፣ ትንሽ ጉጥ፣ ቆማለች። ከኋላ ደግሞ ስንጥቅ አለ። ጉጧ ከረዘመች ተኳሹ ከስንጥቁ ጋር ሊያስተካክላት አፈሙዙን ይደፋል፤ ካጠረች ቀና ያደርገዋል። እንግዲያስ መሞረድ ነው። የሚሞርደውን ነገር ሁሉ አስቀድሞ በቀጭን ሽቦ ልኩን መውሰድ ከአባቱ የተማረው ሥርዓት ነበርና የጉጧን ቁመት ወሰደ። ከዚያ የፀጉር ያህል ላጣት።

እንጦጦ ሥር ወዳለ የድንጋይ ካባ ወጥተው ጓድ እሸቴ በዘይት ጣሳ ላይ ተኮሰ። መሬት። ተመልሰው ሞረደ፤ ወጥተው ተኮሰ፤ አሁንም መሬት። ጉጧ ከሽምብራ ወደ ምስር፣ ከምስር ወደ ጤፍ ወረደች። ጥይቱ ግን ከቀድሞው ጉድጓዱ ንቅንቅ አላለም።

በሦስተኛው ቀን ጓድ እሸቴ ተሰላችቶ «እስቲ እርስዎ ይሞክሯት» አለው። ከአተር ያነሰ ፈርጥ ሲያስቀምጥ የኖረው የአብዱልሃኪም እጅ አልተንቀጠቀጠም። ጥይቱ ከጣሳው አንድ ክንድ ከፍ ብሎ አለቱን ፈነከተ።

«አዩ፣ እየተሻላት ነው!» አለ ጓድ እሸቴ ደስ ብሎት።

አብዱልሃኪም ግን ነገሩ ገባው። አንዲት ጥፋት የሌለባትን ሽጉጥ ሦስት ጊዜ ሞርዷል። ጓድ እሸቴን አንድ ጊዜ እንዲደግም ለመነውና በዚህኛው ጊዜ ጣሳውን ትቶ ሰውየውን ተመለከተ። ጓድ እሸቴ ቃታውን ሊስብ ሲል ሁለቱንም ዓይኖቹን ግጥም አድርጎ ጨፈነ። እጁም ትሪ እንደሚያስቀምጥ ሰው ወደ ታች ወረደ።

ማታ ለሚስቱ ለዙህራ ነገራት። ዙህራ አልደነቃትም።

«ድሮ ውቤ በረሃ ባንኮኒ ጀርባ ቆሞ መጠጥ ሲቀዳ አንድ ቀን የሻምፓኝ ቡሽ ግንባሩን አላገኘውም? ከዚያ ወዲህ ሊፈነዳ ያለ ነገር ሁሉ ያስጨፍነዋል። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል።»

«ቃለ ጉባኤው አያውቅም።»

«ታዲያ ንገረዋ።»

«ማኅተም አለው እኮ፣ ዙህራ። ነገ ስኳሩን አራግፎብኝ ነው የሚያድረው።»

ዙህራ ጥቂት አሰበች። «ጡት የሚጠባ ልጅ ሲታመም መድኃኒቱን የምትውጠው እናትየዋ አይደለች? ሰውየው አልታመምኩም ካለ ለሽጉጧ እዘዝላት።»

በማግስቱ አብዱልሃኪም የተሞረደችውን ጉጥ በብር ሞልቶ በያዘው ሽቦ ልክ ወደ ቀድሞ ቁመቷ መለሳት። ሲያስረክበው ፊቱን እንደ ሐኪም አኮሳተረ።

«ብየዳዋ እርግብግቢቱ እንዳልጠና ሕፃን ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። እስከ በዓሉ ጥይት አይቅመሱባት። ባዶዋን ይያዟትና ይቺን አስር ሳንቲም ጉጧ ላይ ያስቀምጡ፤ ቃታውን ቀስ አድርገው ይሳቡ። በቀን መቶ ጊዜ። ሳንቲሟ ከወደቀች ብየዳው ተናግቷልና ከአንድ ይጀምሩ።»

«መውደቋን በምን አውቃለሁ?»

«እያዩዋት ነዋ። ዓይን ከነቀሉ አለቀላት።»

ጓድ እሸቴ ለራሱ ቢሆን አያደርገውም ነበር፤ ለሽጉጧ ግን አዘነ። የቀበሌውን ቢሮ ዘግቶ ተቀመጠ። ለመታወቂያ የተሰለፉ ሰዎች ከውስጥ ቃ፣ ኪል፣ ቃ፣ ኪል የሚል ድምፅ ሲሰሙ፣ አንዱ «ጉቦውም በሳንቲም ሆነ እንዴ?» ብሎ ሰልፉን አሳቀው። አብዱልሃኪም በየቀኑ ሰበብ ፈልጎ በመስኮቱ ሥር ያልፋል። መጀመሪያ ሳንቲሟ እንደ በጋ በረዶ ትረግፍ ነበር። በሳምንቱ ከአስር አንዴ ሆነ። በዓሉ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው መስኮቱ ሥር ቆሞ እስከ ሰባ ቆጠረ፤ ቃ ብቻ ነበር፤ ኪል የለም።

የውድድሩ ቀን አብዱልሃኪም ከሕዝቡ ጋር ቆሞ ዱዓ ያደርግ ነበር። ለሽጉጥ ዱዓ ይፈቀድ እንደሆነ እርግጠኛ ስላልነበረ ለክፍሏ አደረገ። ጓድ እሸቴ ወጣ፤ ክንዱን ዘረጋ። ዓይኖቹ ተበልጥጠው፣ እዚያች ጉጥ ጫፍ ላይ የማትታይ ሳንቲም እየጠበቁ ነበር። የመጀመሪያው ጥይት የኢምፔሪያሊስቱን ጫማ አገኘ። ሁለተኛው ቀበቶውን። ሦስተኛውና አራተኛው ሆዱን። አምስተኛው ባርኔጣውን በሳው። ከአስራ አንድ ሊቃነ መናብርት ሦስተኛ ወጣ። የጎረቤቱ ሊቀመንበር ከሁሉ ዘግይቶ አጨበጨበ።

በስብሰባው ወይዘሮ የሺዓለም «መሣሪያዋ የተሰነዘረባትን ሂስ በጸጋ ተቀብላ ራሷን አርማለች» ብለው ጻፉ። ተጨበጨበላት። ስኳሩም ሌላ ቤት ተገኘለት።

ከሁለት ቀን በኋላ ጓድ እሸቴ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ወደ አብዱልሃኪም ሱቅ መጣ። ሽጉጧን አላወጣም። አስር ሳንቲሟን አውጥቶ ሚዛኑ አጠገብ አስቀመጣት።

«ብየዳው ጠንቷል፣ ጋሽ አብዱልሃኪም?»

«ጠንቷል።»

«እንግዲያው ሳንቲሟን ልመልስልዎት።»

«ይያዟት። አንዳንዴ ያገረሽባታል።»

ጓድ እሸቴ አንጥረኛውን ዓይን ዓይኑን እያየ ቆየ። አልጨፈነም።

«እሷን ነው?»

«እሷን ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ሳንቲሟን መልሶ ኪሱ ከተተና ጥቅሉን ትቶለት ወጣ። አብዱልሃኪም ጋዜጣውን ፈታው። ስኳሩ በመጨረሻ ያቺ ክፍል ገባ፤ ግማሽ ኪሎ ይሆናል።