ጅቡን ማን ይልበሰው

መስታወት ካሳ በሰቆጣ ገበያ ዳር ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሠርግ ሱሪ፣ የቄስ ካባ ሳይቀር ከእጇ ያልወጣ የለም። አባቷ ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ማረሻና ማጭድ ይሠሩ ነበር። እሳቸው ከሞቱ ብዙ ዘመን ቢሆንም ከተማው አልረሳውም። ፊት ለፊት የሚናገራት ባይኖርም፣ አገልግል የያዘች ሴት በሱቋ ደጅ ስታልፍ ነጠላዋን ጣል ታደርግበታለች። መስታወትም አይታ እንዳላየች ትሆናለች።

በዚያ ዓመት የወረዳዎች የእግር ኳስ ውድድር ሰቆጣ ላይ ሊካሄድ ሆነ። ከአዘጋጅ ኮሚቴው ይሄይስ የሚባል ወጣት ወደ ሱቋ መጣ።

«እትየ መስታወት፣ ለየቡድኑ ማስኮት ልናሠራ ነው» አላት። «ሰው ውስጡ ገብቶ እየጨፈረ ደጋፊውን የሚያሞቅበት ትልቅ የእንስሳ ልብስ። በቴሌቪዥን አይተሽ የለ? የማን ምን ይሁን? ሐሳቡን አንቺ አምጭ።»

እንዲህ ያለ ሥራ አጋጥሟት አያውቅም። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ከሆነች ልጇ ከታይቱ ጋር ሲስሉና ሲሰርዙ ሰነበቱ። ለአበርገሌ ፍየል፤ ያውም ቀንዱ የተጠማዘዘ። ለጽጽቃ ሆዷ የተነፋ ንብ፣ ክንፏ ከሽቦና ከስስ ጨርቅ። ለፃግብጂ ጃርት። ለሰቆጣ ደግሞ ጎፈሩ የተንጨፈረረ ዝንጀሮ፤ እሱን ያሰበችው ታይቱ ነበረች፤ አካሄዱን እያስመሰለች እናቷን ሆዷን እስኪያማት አሳቀቻት።

ሥዕሎቹን ይዛ ስትቀርብ ኮሚቴው ሦስቱን ወደደ። የሰቆጣውን ግን ሊቀ መንበሩ ምንዋጋው አልተቀበለውም።

«ዝንጀሮ ምን ያደርግልናል? ጅብ ይሁን» አለ። «ጅብ እንደሆን እሷ ታውቅበታለች።»

ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። መስታወት ዞር ብላ ይሄይስን አየችው፤ አቀርቅሮ ስልኩን ይነካካል። ወረቀቷን ሰብስባ ወጣች። ሥራ ነው ብላ ዋጠችው፤ ግን አልወረደላትም። ጅቡን ስትሰፋ የማሽኑን ፔዳል እንደ ጠላት ነበር የምትረግጠው። ያም ሆኖ የሰፋችው ጅብ ከሁሉም ያማረ ሆነ፤ ግራጫ ብርድ ልብስ ላይ ነጠብጣቡን አንድ በአንድ ለጥፋ፣ መንጋጋውን በስፖንጅ አሳብጣ፣ ዓይኑ ላይ ለባሹ እንዲያይበት ወንፊት ሰፋችበት።

በመክፈቻው ቀን ሜዳው ዙሪያውን ሞላ። መስታወትም ሥራዋን ልታይ ከሕዝቡ መካከል ተቀመጠች። ፍየሉ እየዘለለ ወጣ፤ ሰዉ አጨበጨበ። ንቧ ወጣች፣ ጃርቱ ወጣ። በመጨረሻ ጅቡ እያነከሰ እየተጎተተ ብቅ ሲል ሜዳው ሁሉ ጮኸ። ወዲያው ምንዋጋው ከተቀመጠበት ረድፍ አንድ ድምፅ፣

«ቡዳዋ መጣች! ልጆቻችሁን ሸፍኑ!» አለ።

ሳቅ። ከዚያ ሌላ ሰው ተቀበለው፤ ከዚያ ሌላ። «ቡዳ! ቡዳ!» እያሉ በጭብጨባ ዘፈን አደረጉት። ምንዋጋው አፉን በእጁ ይዞ ትከሻው ይርገፈገፋል።

መስታወት ዓይኗ የጅቡ እግር ላይ ወደቀ። ሰማያዊው ሸራ ጫማ የታይቱ ነው። ጠዋት ራሷ ክሩን አስራላታለች።

እንዴት ሜዳው መሐል እንደደረሰች አታውቅም። ይሄይስ ሊይዛት ሮጠ።

«ልጄን ማን አለበሳት?»

«እትየ፣ የመደብነው ልጅ እምቢ አለን» አለ ይሄይስ እየተንተባተበ። «ቀጥቃጭ የሰፋው ጅብ ከላዬ አልወልቅ ቢለኝስ አለ። ታይቱ እኔ እለብሳለሁ ስትል...»

አላስጨረሰችውም። የጅቡን ጭንቅላት ነቅላ መሬት ላይ ወረወረችው። ከቦርሳዋ መቀሷን አውጥታ ልብሱን ከማጅራቱ እስከ ጅራቱ ተረተረችው፤ ስፖንጁ ተዘረገፈ። ሳቁ ቆመ። ከዚያ ወደ ፍየሉ ዞረች። ውስጡ ያለው ደግሰው የሚባል የጎረቤት ልጅ ነው።

«ደግሰው! አንተም የለበስኸው የኔን እጅ ነው። ምን ሆንህ? ተበላህ?»

ደግሰው የፍየሉን ራስ አወለቀ። «ኧረ ምንም አልሆንሁ እትየ፤ ሞቀኝ እንጂ» አለ።

«አንተስ ምንዋጋው? የሠርግህን ሱሪ ስሰፋልህ ምን ነበርሁ? ያን ጊዜ ሰው ነበርሁ?»

ምንዋጋው ወደ ሌላ አየ። መስታወት ልጇን በክንዷ ጎትታ ከሜዳው አወጣቻት።  ቤት ሲገቡ ታይቱ እጇን መነጨቀች።

«ለምን ገባሽ?»

«ምን?»

«ለምን ገባሽብኝ ነው የምልሽ! ማን አስገደደኝ? አውቄ ነው የለበስሁት። ከልጅነቴ ጀምሮ ከኋላየ ሹክ ሲሉ ነው የኖሩት። ዛሬ አፍ አውጥተው፣ ሕዝብ ፊት ይበሉት ብየ ነው። ሲጨርሱ ጭንቅላቱን ራሴ አውልቄ እኔ ነኝ ልላቸው ነበር። ቀደምሽኝ!»

«ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ትከለክይኝ ነበራ!»

«አዎ እከለክልሽ ነበር! እንኳን ልከለክልሽ አስርሽ ነበር!»

ሁለቱም እየጮኹ ነበር። መስታወት በምንዋጋው ትናደድ፣ በልጇ ትናደድ፣ ሲስቁባት ዝም ባለችው በራሷ ትናደድ፣ መለየት አቃታት።

እሑድ ይሄይስ የደብሩን መሪጌታ ገብረ ጻድቅን ይዞ ለዕርቅ መጣ።

«ልጄ፣ የልጅ ነገር ነው፤ ስለ እመቤታችን ብለሽ ይቅር በይ» አሏት።

«መሪጌታ፣ እርስዎን አከብርዎታለሁ» አለች። «ግን የተሰደብነው ሜዳ ላይ ነው። ይቅርታ ካለ እዚያው፣ በማይክ ይባል።»

«ምንዋጋው እሺ አይልም» አለ ይሄይስ።

«አንተስ? ሲስቁብኝ ስልክህን የምትነካካው አንተስ?»

 መሪጌታ ተነሡ፤ ይሄይስም ተከተላቸው። ደጁ ላይ ሲደርሱ ታይቱ ከጓዳ ወጣች።

«ይቅርታችሁ ይቅርባችሁ» አለችው ይሄይስን። «ለፍጻሜው ማይኩን ለኔ ስጠኝ።»

በፍጻሜው ቀን ፍየልም ንብም አልነበረም። ሁለቱ ቡድኖች ተሰልፈው ሳለ ይሄይስ ምንዋጋውን ሳያስፈቅድ ማይኩን ለታይቱ አቀበላት። 

«ጅቡ ውስጥ የነበርሁት እኔ ነኝ» አለች። «ታይቱ እባላለሁ። የመስታወት ልጅ ነኝ፤ የቀጥቃጩ የካሳ የልጅ ልጅ ነኝ። እኔ ስሜን ነገርኋችሁ። ቡዳ ያላችሁኝም ተነሡና ስማችሁን ንገሩኝ።»

ማንም አልተነሣም። «አውርዷት!» የሚል ነበር። «የታለ ሲሳደብ የነበረው?» የሚልም ነበር። ምንዋጋው እያጉረመረመ ወንበሩን ገፍቶ ወጣ። ታይቱ የሚነሣ እንዳለ ቆማ ጠበቀች፤ ዳኛው ሰዓቱን እስኪያይ ድረስ ጠበቀች። ከዚያ ማይኩን መልሳ መጥታ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች።

የመስታወት ቁጣ አልበረደም።  ግን እንደዚያ ቀን ልጇን ጎትታ አላስነሣቻትም። ፊሽካው ተነፋ፤ ጨዋታው እስኪያልቅ ሁለቱም ከቦታቸው አልተነቃነቁም።