ከላይ የተሰቀለው ቅል

…የሰሜን ጦር ሰማያዊ ኮትማ ማንም ይለብሳል፣ ከሞተ ሰው ላይ ገፎ፣ ደሙን አጥቦ መልበስ ምን ያቅታል፣ ባለፈው ወር የጎረቤቱን ባሪያ ቄሳርን የበላው ይኸው ኮት አይደል እንዴ፣ ማዶ ባለው እርሻ ሰማያዊ ለባሾቹ መጡ ሲባል ቄሳር ሮጦ ወጣ፣ ስንጠብቃችሁ ከረምን ወንድሞቼ አለ፣ ወንድሞቹ ለካ የዚሁ የጆርጂያ ዘበኞች ናቸው፣ የባሪያውን ልብ ሊሰልሉ ለብሰው የመጡ፣ እዚያው የበረቱ በር ላይ ሰቀሉት። ሞኝ። አይ፣ ሞኝስ አልነበረም፣ ደስታ ነው ያታለለው። ቫይኒን ግን ደስታ አያታልላትም፣ መቼ ለምዳው።

እጇ ልብስ ያሻል፣ ዓይኗ ከገንዳው አይነሳም፣ ሰማያዊ ኮት የለበሰው ነጭ ሰውዬ ከፈረሱ ወርዶ ጓሮ ድረስ ዘልቋል። ብቻውን። ለምን ብቻውን? የሰሜን ጦር እንደ አንበጣ ነው የሚመጣው ይላሉ፣ ጢሱም ከትናንት ጀምሮ ይታያል፣ ታዲያ ይሄ አንድ አንበጣ ምን ቀረኝ ብሎ ነው እዚህ። እንደምን አደርሽ አክስቴ፣ ይላታል። አክስቴ! የማን አክስት፣ ነጭ ሁሉ ወይዘሮ ላለማለት አክስቴ ይላል፣ ደግሞ አነጋገሩ፣ ቃሉን እየጎተተ፣ ትኩስ ገንፎ አፉ ውስጥ እንዳለ ሰው፣ ልክ እንደ ጌቶች፣ ልክ እንደ እሜቴ ኦጋስታ ወንድም። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፣ ይሄኛው ጅብ የሚያውቁት አገር ነው የመጣው።

ፕራይመስ የሚባል ባል አለሽ አሉ፣ የት ነው?

እጇ አይቆምም፣ እጅ ከቆመ ነገር አለ ማለት ነው፣ እሽት፣ እሽት፣ ማነው ስሙን የነገረው፣ ከእኛ ከራሳችን ሰዎች የትኛው አፈ ሰፊ ነው። ከወሰዱት ወዲህ አላየሁትም ጌታዬ፣ ትላለች። ግማሹ እውነት ነው፣ ወስደውታል፣ ለሰሜኖቹ መንገድ ዝጉ ተብሎ ከየእርሻው ባሪያ ሲለቀም እሱም ተለቀመ፣ ረግረጉ ውስጥ ባለው መንገድ ላይ ዛፍ ሲጥል ሲጥል ከረመ፣ አንድ ቀን መጥረቢያውን ወርውሮ ጠፋ። አሁን ከጥጡ ማሳ ባሻገር ሸምበቆው ውስጥ ነው፣ የአሳማ ፍርፋሪ የምትወስድ መስላ ምግቡን ታደርስለታለች፣ ይህን የምታውቅ እሷ ናት፣ ሌላው እግዜር ነው፣ እግዜርም እስካሁን አልተናገረም።

ሰውዬው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ዛፎቹን የጣለው እሱ ነው አሉኝ፣ ውሃው በየት በኩል እንደሚሳሳ ያውቃል፣ ጋሪዎቻችን ቆመዋል፣ ይምራን፣ ሁለታችሁንም ይዘናችሁ እንሻገራለን፣ ቀትር ላይ ወንዙ ላይ ተንሳፋፊ ድልድያችንን ዘርግተን እናልፋለን፣ ካለፍን በኋላ ድልድዩን እናነሳዋለን። ከዚያ በኋላ የቀረ ቀረ። ማር ነው አፉ። ማርም ወጥመድ ላይ ይቀባል። እውነት ቢሆንስ? እውነት ከሆነ ደግሞ ዛሬ ናት፣ ነገ የለችም፣ ጦሩ ካለፈ ዘበኞቹ ይመለሳሉ፣ ውሻቸውን ይዘው ሸምበቆውን ያስሳሉ። ውሸት ከሆነ ፕራይመስን በገዛ አፏ ገመድ ውስጥ አስገባችው። ብትናገር ሞት፣ ዝም ብትል ሞት፣ እንዲህም ብሎ ምርጫ አለ።

ውሃ ልጠጣ፣ ብሎ ወደ ጉድጓዱ ይሄዳል።

እዚያ ሁለት ቅል ተሰቅሏል። ከአንድ ሐረግ የተቆረጡ፣ መልካቸውም መጠናቸውም አንድ፣ የታችኛው ለእጅ የቀረበ፣ የላይኛው ከጣሪያው ሥር። እንግዳ ሰው ቢሆን፣ ሰሜን ያደገ ቢሆን፣ የቀረበውን አንስቶ ይጠጣ ነበር፣ ምን ያውቃል፣ ቅል ቅል ነው። ሰውዬው ግን የታችኛውን አልፎ ይንጠራራል፣ የላይኛውን ያወርዳል። የነጮቹን፣ የታችኛውማ የባሪያ ነው። አላሰበም እንኳ፣ ማንም አላሳየውም፣ እጁ ያውቃል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል ነበር፣ ለዚህስ ቅል በቃው። ያዝኩህ፣ አንተ የዚሁ አገር ልጅ፣ ያዝኩህ።

እንዲህ ነው እንግዲህ፣ ከላይና ከታች፣ ይኼ ሁሉ ሰው ያለቀው ለዚህ ለተንጠለጠለ ነገር ነው። ጌቶች ከመዲናዋ ከሚሌጅቪል የተመለሱ ለት ትዝ ይላታል፣ ጆርጂያ ከአሜሪካ ኅብረት እንድትወጣ ድምፅ ሰጥተው የመጡ ለት፣ ድግስ ተደግሶ፣ ብርጭቆ ተነስቶ፣ ንብረታችንን ማንም አይነካብንም ሲሉ እሷ ወጥ እያቀረበች ነበር፣ የቱ ንብረት ብላ የብር ማንኪያውን አየች፣ መጋረጃውን አየች፣ ቀና ስትል ሁሉም እሷን እያዩ ነው። ወጡ እጇ ላይ ፈሰሰ። ጌቶችስ በዚያው ጦርነት አፈር በላቸው፣ ቅሎቹ ግን እንደተሰቀሉ ናቸው።

አሁን ምን ታድርግ። ትፈትነው። በፕራይመስ አይደለም፣ በገዛ ጀርባዋ፣ ጀርባ ተገርፎ ይድናል።

ጌታዬ፣ ትላለች፣ ስለ ባሌ አላውቅም፣ ግን ከአትክልቱ ጥግ አዲስ መቃብር አለ፣ የአክስት ሱኪ ይላል መስቀሉ፣ አክስት ሱኪ የምትባል ሰው እዚህ ቤት ኖራም ሞታም አታውቅም። እሜቴ ከሰሜኖቹ ሊደብቁ የተጨሰ የአሳማ ጭን ነው ያስቀበሩት፣ እኛን ቁጭ አድርገው አስለቅሰውበታል። ዘበኛ ከሆነ የእሜቴን ሥጋ አይቆፍርም፣ ሄዶ ይነግርባታል፣ አለንጋው ይመጣል። የሰሜን ወታደር ከሆነ ርቦታል። ሰውዬው አየት አደረጋት፣ አካፋ አነሳ፣ ሄደ። ቫይኒ ትጠብቃለች። ሳሙናው እጇ ላይ ይደርቃል፣ ለካ ማሸት ትታለች።

ቀድሞ የመጣው ጩኸት ነው፣ የእሜቴ ኦጋስታ፣ ከሰገነቱ ላይ። አንተ ሌባ፣ አነጋገርህ የእኛው ነው፣ የደቡብ እናት ወልዳህ አታፍርም? ሰውዬው አፈር የለበሰ የአሳማ ጭን ትከሻው ላይ አድርጎ ቀና ይላል። ከአላባማ ነኝ እሜቴ፣ ከኮረብታው፣ እኛ ባሪያም የለን፣ ጥጥም የለን። አባቴ ለእናንተ ባሪያ አልዋጋም ቢል የእናንተ ዘበኞች በገዛ ደጁ ገደሉት። እናቴም አታፍርብኝም።

እንዲህ ያለ ነገር አይለበስም፣ ኮት አይደለም። እውነተኛ ነው፣ አምላኬ፣ እውነተኛ ነው፣ ደስ ሊላት ነው። ቆይ፣ ቆይ አንቺ።

ጌታዬ፣ ትለዋለች ሲመለስ፣ ቅርቡን ቅል ለምን አለፍከው?

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ጉድጓዱን አየ፣ ጆሮው ድረስ ቀላ። እጄ ለምዶ ነው አለ፣ ተመልሶም የታችኛውን አልነካም። እንግዲህ ይኸው፣ ይሄ ሰው ጌቶችን ጠልቶ ነው እንጂ እኔን ወዶ አይደለም፣ ለአባቱ ነው የሚዋጋው፣ ይዋጋ፣ አባት ነው፣ ለእኔ ግን የመጣ የለም፣ ነፃነት ብለው ሲያወሩ ስንት ጊዜ በልቤ ሣልኳት፣ የምታቅፈኝ ይመስለኝ ነበር፣ እሷ ከእኔ ቅል አትጠጣም። ያሸችውን ልብስ ገንዳው ውስጥ ትወረውረዋለች። ፀሐይዋ ከፍ እያለች ነው፣ ድልድዩ አይጠብቅም፣ ተናደጂ እየሄድሽ።

ና፣ ትለዋለች፣ ጌታዬ ሳትል።

ማሳውን ያቋርጣሉ፣ እሷ ከፊት፣ እሱ ፈረሱን እየሳበ ከኋላ፣ ዓይኑ ጀርባዋ ላይ ይሰማታል። ሸምበቆው ዳር ሲደርሱ እዚህ ቁም ትለዋለች፣ ቆመ። ቀሚሷን ሰብስባ ውሃው ውስጥ ትገባለች፣ ቀዝቃዛ ነው፣ እስከ ጉልበት፣ እስከ ጭን። ፕራይመስ። ዝም። ፕራይመስ፣ እኔ ነኝ። ዝም፣ ሸምበቆው እንኳ ትንፋሹን ውጧል፣ ሸሽቶ ነው? አይደለም፣ ይሰማታል፣ እዚያው ነው፣ ድምፅዋን እየመዘነ ነው፣ አስገድደዋት ይሆን፣ ሸጣኝ ይሆን እያለ፣ ጠዋት ሙሉ እሷ ያንን ሰውዬ እንደመዘነችው፣ የገዛ ባሏ እሷን። መጠርጠር እንዲህ ያማል ለካ፣ ከወዲያ በኩል ሲሆን።

ቫይኒ፣ ይላል በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ፣ ከቅርብ። ከኋላሽ ያለው ማነው?

ዞራ ታየዋለች፣ ኮቱን፣ ፈረሱን፣ ኮርቻው ላይ ያለውን ሥጋ። ወዳጅ ነው እንዳትል፣ ጠላት ነው እንዳትል። ፕራይመስን ዋሽታው አታውቅም።

ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ትለዋለች። ብቻ ድልድዩ ሳይነሳ ና።