የገሪማ አርባ አንድ ድምፅ

ባሌ ገሪማ በ2013ቱ ምርጫ ለፓርላማ ተወዳድሮ አርባ አንድ ድምፅ አገኘ። በጠቅላላው ማለቴ አይደለም፤ በእኛ ሰፈር ምርጫ ጣቢያ ነው። በጠቅላላውማ አራተኛ ወጣ፤ ስንት እንዳገኘ ብትጠይቁኝ አላስታውስም፣ እሱም አያስታውስም ነበር። አርባ አንዷን ግን እንደ ልጁ ስም ነበር የሚያውቃት። እኔም ስለ እሷ ነው የማወራችሁ፤ በእሷ የተነሳ የሠራሁት ሥራ አለና።

ገሪማ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዲላ ውስጥ ሂሳብ ያስተማረ ሰው ነው። እኔ ክርና ቁልፍ፣ ዚፕና ገበር የምሸጥበት ሱቅ ነበረኝ፤ አሁንም አለኝ። ጡረታ ሲወጣ አርፎ ይቀመጣል ብዬ ስጠብቅ፣ የድሮ የኮሌጅ ጓደኞቹ ከአዲስ አበባ መጥተው ለፓርቲያቸው ወሰዱብኝ። ማኅበራዊ ዴሞክራሲ ነው አለኝ። ምንድነው ደግሞ እሱ ስለው፣ "ከመሃል ትንሽ ወደ ግራ ያለ ነው" አለኝ። "ባጃጅ ነው እንዴ?" አልኩት። ሳቀ። ገሪማ ሲተርቡት የሚስቅ ሰው ነበር፤ ከእኔ ምላስ ጋር ያን ሁሉ ዓመት የኖረው በዚህ ነው።

ነጋዴው ይነግድ፣ ግን የቡና ለቃሚዋ የቀን ሒሳብ ከዚህ በታች አይውረድ የሚባል ልክ ይኑረው፤ የታመመ ሰው ድሃ ነህ ተብሎ ከሐኪም ቤት በር አይመለስ፤ ገበሬው ሳይጠየቅ በመሬቱ ላይ ማንም አይወስን። ሐሳቡ ይኸው ነበር። አሁን እንዲህ አሳምሬ የምናገረው ከሞተ በኋላ ያን የቅስቀሳ ወረቀቱን አንብቤ ነው። ያኔ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እሱ ሲናገር እኔ የማየው የኮቱ ቁልፍ መላላቱን ነበር።

የሰፈር ልጆች "ፕሬዝዳንት" ብለው ስም አወጡለት። "እኔ የምወዳደረው ለፓርላማ ነው፤ ፕሬዝዳንቱን የሚመርጠው ፓርላማው ነው" እያለ መንገድ ላይ አቁሞ ሕገ መንግሥት ያስተምራቸዋል። እነሱም አንገታቸውን ነቅንቀው ይሰሙና "እሺ፣ ፕሬዝዳንት" ብለውት ይሄዳሉ።

አይ ያ ጊዜ። ጎረቤታችን ሙሐመድኑር፣ ቆርቆሮና ምስማር ነጋዴው፣ አሮጌ ፒክአፑን አመጣ። ጣሪያው ላይ ሞንታርቦ አሰሩበት። ታዲዮስ የሚባል የድሮ ተማሪው፣ የጌዴኦ ልጅ ስለሆነ፣ ገጠር ለገጠር ሊያስተረጉምለት ተጨመረ። እኔም ቅዳሜና እሁድ ሱቄን እየዘጋሁ እከተላለሁ፤ ሰውዬው ሲያወራ ከዋለ መብላቱን ይረሳል። ጪጩ በገበያ ቀን ሞንታርቦው ድምፁ ጠፋ። ሙሐመድኑር ሽቦውን ሲነካካ ገሪማ ፒክአፑ ላይ ወጥቶ በባዶ ጉሮሮው መናገር ጀመረ። ሰዉ ከሩቅ ስላልሰማው ተጠጋ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ እንደዚያ ከብበውት አያውቁም። ሞንታርቦው ሲሠራ ጊዜ ሁሉም ወደየጉዳዩ ተመለሰ። ኢዲዶ ስንሄድ ደግሞ ወቅቱ የለቀማ አልነበረም፤ የቡና ማድረቂያው አልጋ ባዶውን ተንጣሏል። እዚያው ጥላ ሥር ለተቀመጡ አሥራ ሁለት ሴቶች አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ቀን ሒሳባቸው አወራቸው። አንዷ ጥያቄ ጠየቀችው። መልሱ ቶሎ አልመጣለትምና "እሱን አላሰብኩበትም፣ ልክ ነሽ" ብሎ ደብተሩ ላይ ጻፈው። እኔ በሆዴ፣ ምረጡኝ ብሎ የመጣ ሰው አላውቅም ይላል እንዴ እያልኩ ተቃጠልኩ።

ቡሌ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ብርዱ ደግሞ አጥንት ይገባል። ፒክአፑን ገፍተን ገፍተን ስንደርስ ሽማግሌዎቹ ሶንጎ ላይ፣ ከመሰብሰቢያቸው ዛፍ ሥር፣ ተቀምጠው ጠበቁን። እስኪጨርስ አንድም ሰው አላቋረጠውም። ከዚያ ተነሥተው መረቁት፤ ረጅም ምርቃት። ገሪማ ዓይኑ እንባ ሞላ። መኪና ውስጥ ገብተን ደብተሩን አውጥቶ "ቡሌ፣ ጥሩ ነው" ብሎ ሲጽፍ፣ ታዲዮስ ቀስ ብሎ፣ "ጋሼ፣ ሶንጎ ላይ እንግዳ ሳይመረቅ አይሸኝም። ትናንት የመጡትንም መርቀዋቸዋል" አለው። ገሪማ "ምርቃት ምርቃት ነው" አለና ደብተሩን ዘጋ። ሙሐመድኑርና እኔ ተያየን። እስከ ዲላ ድረስ ሳቄን ውጬ መጣሁ።

ሳቄ ግን ቤት ስገባ ወደ ፍርሃት ዞረ። መሸነፉን ሁላችንም አውቀነዋል፤ እሱ ብቻ ነው ያላወቀው። እኔን የጨነቀኝ የሰፈራችን ጣቢያ ነው። ውጤቱ በር ላይ ይለጠፋል። ሠላሳ ዓመት ያስተማረበት ሰፈር፣ ስሙ አጠገብ ሁለት ተብሎ ቢለጠፍስ? አንዱ እሱ፣ አንዷ እኔ። ያን አንብቦ ወደ ቤት የሚመጣበት አካሄድ ታየኝ።

ምርጫው አምስት ቀን ሲቀረው ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ። የሴቶች እድራችን አባላት ቤት ለቤት ዞርኩ፤ ከእኔ ሌላ ሠላሳ ዘጠኝ ናቸው። ኩሩ ነበርኩ እኮ፣ ጨው አልቆብኝ እንኳ ጎረቤት የማልጠይቅ ሴት። "ስለ እኔ ብላችሁ። ለእሱ እንዳይመስላችሁ፣ ለእኔ ነው" አልኳቸው። ሁሉም እሺ አሉኝ። እሺ ይበልጣል ከሺ አይደል የሚባለው፤ እፎይ ብዬ ተመለስኩ።

በምርጫው ማግስት ጠዋት ገሪማ ዣንጥላውን ይዞ ሄዶ ውጤቱን አንብቦ መጣ። እየሮጠ ነው የመጣው ማለት ይቻላል። "ማሚ፣ አርባ አንድ ሰው!" አለኝ። ሠላሳ ዘጠኝ፣ አንድ እኔ፣ አንድ እሱ። ልክክ አለልኝ። እሰይ አልኩና ቁርሱን አቀረብኩለት።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ብታዩ። ሰው በሁለት መቶ ድምፅ አሸንፎ እንኳ እንደዚያ አይደሰትም። አርባ አንዱ እነማን እንደሆኑ ስለማያውቅ ለሁሉም ሰላምታ ይሰጣል። መንገድ ላይ ቆሞ፣ ቆቡን አንሥቶ፣ ለባጃጅ ነጂው፣ ለሊስትሮው፣ ለጎሚስታው። "ይኼኛው ከእነሱ አንዱ ሊሆን ይችላል" ይለኛል በጆሮዬ። "ቤቱ ሆኖ ወረቀቴን አንብቦ፣ አስቦበት፣ ማንም ሳያየው ምልክት ያደረገልኝ ሰው አለ። አይገርምሽም?" ይለኛል። እኔም "ይገርማል" እላለሁ። የሆዴን በሆዴ ይዤ እስቅበታለሁ፣ አዝንለታለሁም። ከእሱ ከፍ ያልኩ መስሎኝ ነበር እኮ። ደስታውን እኔ የሰጠሁት፣ እኔ የማበላው አድርጌ ነበር የማየው።

ካቻምና ሐኪሙ ልብህ ደክሟል፣ አትድከም አለው። ጥቂት ወር ሳይቆይ ፓርቲው ለመጪው ምርጫ ተዘጋጅ ብሎ ደወለለት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ያንን የድሮ ወረቀት ከሳጥን አወጣው። ተው አልኩት። ለመንኩት። ቡሌን በዚህ ልብህ ልትወጣው ነው ወይ አልኩት። "አርባ አንዱ ሰዎችስ ምን ይሉኛል፣ ማሚ? እነሱ ይጠብቁኛል እኮ" አለኝ።

ያኔ ነው አፌ ያመለጠኝ። "የምን አርባ አንድ ሰው ነው?" አልኩት። "እኔ ነኝ ደጅ ለደጅ ዞሬ የለመንኩልህ። ሠላሳ ዘጠኙ የእድር ሴቶች ናቸው። አርባኛዋ እኔ፣ አርባ አንደኛው አንተ። ሌላ ሰው የለህም።"

የሂሳብ አስተማሪ አይደል፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፣ እየደመረ። "ልክ ነው" አለ። ወረቀቱን አጣጥፎ ሳጥኑ ውስጥ መለሰው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ብዙ አሸሁት፣ ቀልድ ነው አልኩት፣ አልዳነም። አልተወዳደረም። ልቡን አተረፍኩ ብዬ ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን መንገድ ላይ ማንንም አቁሞ ሰላም አላለም፤ አንገቱን ደፍቶ ሄዶ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። አንድ ዓመት እንኳ አልቆየልኝም።

የአርባው ማግስት ጎረቤቴ ሉሊት የእድሩን ድስቶች አጥበን እንድንመልስ መጣች። ጓሮ ቁጭ ብለን እያጠብን ሳለ እጇን ከውኃው አውጥታ በቀሚሷ አደረቀች።

"እትዬ ማሚቱ፣ ጋሽ ገሪማን በሕይወት እያሉ ይቅርታ ልጠይቃቸው ነበር። ያን ጊዜ በምርጫው አልመረጥናቸውም" አለችኝ።

"ማን?"

"እኛ፣ የእድሩ ሴቶች። የሌላው ፓርቲ ሰዎች ለሰፈራችን ቧንቧ እናስገባለን ሲሉን ተመካክረን ለእነሱ ሰጠን። አንቺን ግን ዓይንሽን እያየን እምቢ ማለት አቃተን።"

"ስንቶቻችሁ?"

"ሁላችንም ነን። እኛን ከድታ ለእሳቸው የሰጠች ብትኖር አንድ ወይ ሁለት።"

ድስቱን አስቀመጥኩ። "ታዲያ አርባ አንዱ እነማን ናቸው?"

"እኔ ምን አውቄ። የወደዷቸው ሰዎች ናቸዋ" አለችና አየችኝ። "ምነው? እኛ እንደመረጥናቸው ነግረሻቸው ነበር እንዴ?"

"ነግሬዋለሁ" አልኳት።

"ምን አሉ?"

ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት። ያን በነገርኩት በሳምንቱ፣ ሱቅ ድረስ መጥቶ፣ ባንኮኒው ላይ እጁን አድርጎ፣ "ለእኔ ብለሽ ሠላሳ ዘጠኝ ቤት ደጅ ጠናሽ፤ እግዜር ይስጥልኝ፣ ማሚ" ብሎኝ ነበር። የራሱን ሰዎች ወስጄበት፣ አመስግኖኝ ሞተ።