ከመሬት ሆድ የሚወጣ ሙቀት

ከመሬት ሆድ የወጣ ሙቀት ሰው ላይ ምን ያመጣ ይሆን? የልጅ ልጄ በዚህ ሙቀት የሚሞቀው የዩኒቨርሲቲዋ ዶርም ልግባ ካለችኝ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

«እማማ፣ ውሃው በቧንቧ ወደ ጉድጓድ ይወርዳል፤ እዚያ ሞቆ ይመለስና ክፍሉን ያሞቃል። በቃ።»

«ከታች እሳቱን የሚያነደው ማነው?»

«ማንም። ፓምፑንም የሚያዞረው የፀሐይ ኃይል ነው።»

«ፀሐይ ከላይ፣ እሳት ከታች፤ አንቺ መሃል ላይ ልትጠበሺ ነዋ። የትም አትሄጂም።»

«እዚህ እኮ ካፖርት ለብሼ ነው የማጠናው። እዚያ ላይብረሪው ውስጥ ሰው በሸሚዝ ይቀመጣል፤ ደግሞ ለማንም ክፍት ነው።»

ባለቤቴ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦ ያዳምጠን ነበር። ተነሣና ብርድ ልብሶቹን አጣጥፎ ጭኔ ላይ አስቀመጠ፤ መነጽሩንና ጋዜጣውን ይዞ ወጣ።