ከዚህ ጀምሮ

ሹክሹክታው እንደገና መጣ።

እማማ ታንጉት ለቅሶ ዳሱ ውስጥ ነበሩ። ከገንዳ ውሃ ከተማ የመጡ ለቀስተኞች ደረት እየመቱ ሲገቡ፣ እሳቸው ግን ከጀርባቸው፣ ከአገዳው ግድግዳ ወዲያ፣ በየቃሉ እየተደናቀፈ የሚሄድ ቀጭን ድምፅ ሰሙ። ልጃቸው ውባንች መጽሐፍ ስታነብ ድምፅዋ እንዲህ ነበር። ውባንች ከተቀበረች ደግሞ ዛሬ ሰልስቷ ነው።

«ሰማሽ?» አሉ አጠገባቸው ያለችውን ጎረቤት።

«ምኑን?»

«ተይው። ያንች ጆሮ የተፈጠረው ለሐሜት ብቻ ነው።»

ከትናንት ጀምሮ ሰው እሳቸውን የሚያይበት ዓይን ተለውጧል። ንፍሮ የሚያዞሩት ሴቶች እሳቸው ጋ ሲደርሱ ያማትባሉ። አንዷማ፣ «ሟቿ ጠርታቸዋለች አሉ፤ በእጇ ጽፋ» ስትል በራሳቸው ጆሮ ሰምተዋል። ሞት ከሆነ ይምጣ፤ ዕድሜ ልካቸውን ከወባ፣ ከእባብና ከቀበሌ ሹም ጋር ኖረዋል። ልጃቸው ምን ብላ እንደጻፈች ሳያውቁ መቅረቱን ግን አልቻሉትም።

ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሱና ጓዳ ገቡ።

ካሰችና ይርዳው የውባንች አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ካሰች ከውባንች ጋር ሰሊጥ መጋዘን የጆንያ አፍ የምትሰፋ ናት፤ ይርዳው የአብደራፊ ትራክተር ነጂ ነው። ካሰች ደንግጣ አንድ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ በነጠላዋ ሸፈነች።

«አምጭው» አሉ እማማ ታንጉት።

«ምኑን እማማ?»

«ሞቴን። ደብቃችሁ የታቀፋችሁትን።»

ይርዳው አቀረቀረ። «ጓንግ ወንዝ ወስደን ልንጥለው ነበር፣ እማማ። ክፉው ከውሃው ጋር ይሂድ ብለን።»

«እስካሁን ስታነቡት የነበራችሁት እናንተ ናችሁ?»

«ኧረ አሁን መግባታችን ነው። ዛሬ ገና አልገለጥነውም።»

አሮጊቷ ዞረው ግድግዳውን አዩት።

ሦስቱ ወዳጆች፣ ውባንች፣ ካሰችና ይርዳው፣ ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አንድ ዛፍ ሥር ነው። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ በሰሊጥ መኪና ከመተማ አብደራፊ ይመላለስላቸው ነበር። አንብቦ የጨረሰው በቀይ እርሳስ ለሚቀጥለው አንድ ነገር ይጽፋል፤ ይህ ያስቃል፣ ይህ እንቅልፍ ያመጣል፣ ይህን ሆድ ሲብስህ እንዳትጀምረው። መጨረሻውን ቀድሞ ያወራ ወር ሙሉ መጽሐፍ ይከለከላል። እማማ ታንጉት ግን የቀበሌው ሰዎች ለትምህርት ሲመዘግቡ መጥተው፣ «ስሜን አውቀዋለሁ፤ ወረቀት እንዲነግረኝ አልፈልግም» ብለው ከደጅ መልሰዋቸዋል። ውባንች፣ «እማየ፣ ላንብብልሽ» ስትላቸውም፣ «ወሬ የምሰማው ከሰው አፍ ነው!» ይሏት ነበር። ልጅቱ አትከራከርም። ቀትር ላይ፣ ሙቀቱ ውሻውን ሁሉ ሲዘርረው፣ ከአገዳው ግድግዳ ሥር ተጠግታ ለብቻዋ ታንሾካሽካለች። እናቲቱ ከወዲህ በኩል ዓይናቸውን ጨፍነው ይጋደማሉ።

«በል ግለጠው» አሉ አሁን።

ይርዳው ገለጠ። ከገጹ ጠርዝ ላይ በትኩሳት እጅ የተጻፈ፣ እንደ ጉንዳን ሰልፍ የተንጋደደ ቀይ ጽሕፈት አለ። ቀስ ብሎ አነበበው፦

«ለእማየ አንቡላት። ከዚህ ጀምሮ።»

ውጭ የሚያስለቅሰው ሰው ድምፅ እንኳ የራቀ መሰለ።

«አልቅሱላት ማለት ነው» አለች ካሰች። «ከእንግዲህ ተራው የእማየ ነው ማለት። ትናንት ሳየው ለሰው አልነግርም ብዬ ነበር፣ አፌ አመለጠኝ፣ እማማ።»

እማማ ታንጉት አልጋው ላይ ተቀመጡ። ልጄ እኔን? ብለው አሰቡ። ውባንች ኮ እንኳን ለሰው ለዶሮም ሙት አትልም።

«አንች ካሰች። ላንችስ ምን ትጽፍልሽ ነበር?»

ካሰች ከአልጋው ሥር ካለው ሳጥን አንድ ቀጭን መጽሐፍ አውጥታ ገለጠችው። «ካሰች፣ ይህን አንቢ» ይላል።

«አልቅሺ ብላሻለቻ። አለቀስሽ?»

«ኧረ እማማ! ስለ ሌባ ዳኛ ነው፤ በሳቅ ጎኔን ነው ያመመኝ። አንብቢ ማለቷ እንደሆነ አጥቼው ነው? ብ እና ቢ ሲከታተሉባት አንዷን ትውጣት ነበረ . . .»

አፏ እንደተከፈተ ቀረ። ይርዳው መጽሐፉን ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

«እሰይ!» አሉ አሮጊቷ። «እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። እናንተ ቆጥራችሁ የጎደለች አንዲት ፊደል ሳታዩ በቁሜ ልትቀብሩኝ!»

«አንብቡላት» አለ ይርዳው ለራሱ። «ለእማየ አንብቡላት፣ ከዚህ ጀምሮ።» ከዚያም ግራ ገባው። «ግን ይኸ መካከሉ ነው። ከመጀመሪያው ካልተነበበ እንዴት ይገባዎታል?»

እማማ ታንጉት ሲናገሩ ድምፃቸው የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«ሴትዮዋ ወንዝ ዳር ቆማለች። በቅሎዋ አልሻገርም ብላለች። ከማዶ በስሟ የሚጠራት አለ፤ ማን እንደሆነ አላወቀችም።»

ይርዳው ከቀዩ ጽሕፈት በላይ ያለውን መስመር በጣቱ ተከተለ። ወንዙ አለ። በቅሎዋ አለች። የሚጠራውም ድምፅ አለ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ማን ነገረዎት?»

«እሷው ናት። እዚያ ስትደርስ ነው ትኩሳቱ የጣላት።» የአገዳውን ግድግዳ አዩት። «የተኛሁ መስሏታል እላለሁ እኔ ቂሏ። እሷ ለካ የምሰማበትን ቦታ ለክታ ነው የምትቀመጠው። አንድ ቀን እንኳ ከፍ አድርጊው አላልኋት።»

ውጭ አዲስ እሪታ ተሰማ። ካሰች ብድግ አለች። «የአብደራፊ ሰዎች መጡ፤ ይውጡ እንጂ፣ እማማ።»

«ይቆዩ። አንብቢ» አሉ፣ ሁለቱንም ፊደል አጥብቀው።

ካሰች ተመልሳ ተቀመጠች። እየተደናቀፈች ጀመረች፤ ሴትዮዋ ልጓሙን ለቀቀች፣ አንድ እግሯን ውሃው ውስጥ አደረገች።

እማማ ታንጉት ጥቁሩን ሻሻቸውን ከአንድ ጆሯቸው ላይ ገፋ አደረጉት።