የቀትር ጡሩንባ

በሆስፒታላችን ውስጥ ማንም የማይሰማው ሰው ማን ነው ካላችሁ እኔ የኔነሽ ነኝ። የሚገርመው ደግሞ ሥራዬ መናገር መሆኑ ነው። ኮልፌ ውስጥ ባለው የጦር ጉዳተኞች ሆስፒታል የሚኒ ሚዲያ ኃላፊ ነኝ። በየቀኑ በምሳ ሰዓት በድምፅ ማጉያው «የሠራተኞች ዜናና የማኅበረሰብ ዝግጅት» አነባለሁ፤ ማን አገባ፣ ማን ወለደ፣ ማን ጡረታ ወጣ፣ ቅዳሜ የት ችግኝ ይተከላል። እኔ ሳነብ ሰው ሽሮውን ይበላል። ዶክተሮቹማ ድምፄን ሲሰሙ ትዝ የሚላቸው ምሳ መድረሱ ብቻ ነው።

አንድ ሰው ግን ይሰማኝ ነበር፤ ሃምሳ አለቃ ደግፌ። በወጣትነታቸው ምሥራቅ ግንባር የሻለቃው ጡሩንባ ነፊ ነበሩ። አንዱን ሳንባቸውን የቦምብ ፍንጣሪ በልቶታል፤ ሌላውም እንደነገሩ ነው። «የኔነሽ፣ የማን ነሽ?» ይሉኛል ባለፍኩ ቁጥር። ቀጥለውም «የዛሬው ዜናሽ ጨው አንሶታል» ብለው ይተቹኛል። ቢያንስ የሚተች ሰማ ማለት ነው፤ እወዳቸዋለሁ።

እሳቸውን በሕይወት ያቆየቻቸው ሲስተር ሌሊሴ ናት ቢባል ማጋነን አይደለም። ጠዋት ጠዋት የላስቲክ ጓንት ይዛ አልጋቸው ጫፍ ላይ ትቀመጥና «ይንፉ» ትላቸዋለች። ሳንባ እንዲሰፋ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ጓንቱ እንደ እርጥብ ካልሲ ተንጠልጥሎ ይቀር ነበር። ቆይቶ አንድ ጣት ተነሣ፤ ከዚያ ሁለት። በኋላማ ጓንቱ የላም ጡት እስኪመስል ይነፉት ጀመር። «ልጄ፣ ጡሩንባ የነፋ አፍ ጓንት ይነፋ?» ብለው ሲያማርሩ፣ «አባባ፣ ይሄ ትንፋሽ የእኔ ነው፤ እርስዎ ዘንድ አስቀምጬው ነው፤ በደንብ ይያዙልኝ» ትላቸዋለች።

እንግዲህ የጀግኖቻችን ቀን ደረሰ። በየዓመቱ የምናከብረው የራሳችን በዓል ነው። ግቢው ተጠረገ፣ ባንዲራ ተሰቀለ፣ የደም ባንክ ሰዎች መጥተው ደም የሚለግስ እንዲመጣላቸው ነጭ ድንኳን ተከሉ። ረጅም ጠረጴዛ ላይ የታካሚዎቻችንን ንብረት ደረደርን፤ ሜዳይ፣ ኮዳ፣ የተበሳ የብረት ቆብ፣ መሐል ላይ ደግሞ የሃምሳ አለቃ ደግፌ ጡሩንባ። እኔ በዓሉ በእሳቸው ጡሩንባ እንዲከፈት ፕሮግራሙ ላይ አስገብቼ ነበር። ሳያማክሩ ነገር ማሰናዳት ልማዴ ነው።

«ይሄ ለሞቅ ሞቅ አይነፋም» አሉኝ።

«ትንሽ ብቻ፣ ሃምሳ አለቃ። ጡ! ብለው ቢያቆሙ እንኳ።»

«ስሚኝ የኔነሽ። ለመጨረሻ ጊዜ የነፋሁት ጓዶቼን ስቀብር ነው። የማንቂያውን ነፋሁላቸው። ጠዋት ጠዋት እየተሳደቡ የሚነሡበትን። ነፋሁ፣ ነፋሁ፤ አንድም የተነሣ የለም። ከዚያ ወዲህ አፌን አላስጠጋሁትም።»

ስማቸውን ከፕሮግራሙ ሰረዝኩ። በዓሉን በካሴት ሙዚቃ ከፈትነው።

ረፋዱ ላይ ሲስተር ሌሊሴን ኮሪደር ላይ ምጥ ያዛት። የወሊድ ፈቃድሽን ውሰጂ ስትባል «በዓሉ ይለፍ» ብላ ከነዩኒፎርሟ ስትንጎራደድ ነበር። ብዙም አላስጨነቀችን፤ «ሴት ልጅ!» ሲሉኝ ወደ ማይኩ ሮጥኩ። ዜና ማለትስ ይሄ ነው። «ሲስተር ሌሊሴ በሰላም ተገላገለች!» አልኩ። ግቢው በእልልታ ተናጋ። ወዲያው መብራት ሄደ፤ ከእልልታው ጋር የሄደ ነው የሚመስለው።

ጥቂት ቆይቶ የወታደር ቤተሰቦችን የሚያዋልደው ወጣቱ የማህፀን ሐኪማችን ዶክተር ኤልናታን ወጣ። ጋውኑ እስከ ጉልበቱ ደም ነበር።

«ደሟ አልቆም አለ» አለ። «ኦ ኔጌቲቭ ናት። ፍሪጅ ውስጥ የነበረውን ሰጠናት፤ አልቋል። ከዋናው ባንክ ተልኳል ግን መንገዱ ተቆፍሮ ተዘግቷል። እዚሁ ትኩስ ደም ካላገኘንላት…» አልጨረሰውም።

እኔ «በሰላም» ብያለሁ። በገዛ አፌ ለሰው ሁሉ ያወራሁት ነገር ውሸት ሊሆን ነው። በጣም ፈራሁ።

ሠራተኛው ሁሉ ወደ ድንኳኑ ሄዶ ጣቱን አስወጋ። አንድም ኦ ኔጌቲቭ አልተገኘም። እንዲህ ያለው ደም ከመቶ ሰው ጥቂት ቢገኝ ነው። ከዚያ ያየሁትን አልረሳም። ታካሚዎቻችን ከየክፍሉ ወጡ። በክራንች፣ በተሽከርካሪ ወንበር፣ በፒጃማ መጥተው ተሰለፉ። አንድ እጅ ብቻ የቀራቸው ሽማግሌ እጅጌያቸውን በጥርሳቸው ይዘው ሰበሰቡ። ማንም ትእዛዝ አልሰጠም። የደም ባንኳ ነርስ እያለቀሰች መለሰቻቸው፤ ዕድሜያቸውም መድኃኒታቸውም አይፈቅድም። «ልጄ፣ ስንት መሬት ያጠጣሁት ደም ዛሬ ለሰው አይሆንም ትይኛለሽ?» አሉ አንዱ።

የሰፈር ሰው ያስፈልጋል። ብዙ፤ አሁኑኑ። ወደ ማይኬ ሮጥኩ፤ ለካ መብራት የለም። ጄኔሬተሩ የሚበቃው ለኦፕሬሽን ክፍል ብቻ ነው። ስልክ አነሣሁ፤ ኔትወርኩም ከመብራቱ ጋር ተያይዞ ሄዷል። የግቢው በር ላይ ቆሜ «የሰው ያለህ!» ብዬ ጮህኩ። የታክሲው ረዳት «አየር ጤና! ቤቴል! ቤቴል አንድ ሰው!» እያለ ድምፄን ዋጠው። አንዲት ሴትዮ ዞር ብላ አየችኝና መንገዷን ቀጠለች። ያኔ ራሴን ጠላሁ። ዕድሜ ልኬን ሳወራ ኖሬ በምታስፈልገኝ በአንዷ ቀን ድምፅ አጣሁ።

ዞር ስል ሃምሳ አለቃ ደግፌ ጠረጴዛው ጋ ቆመዋል። ጡሩንባውን አንሥተው አፉን በፒጃማቸው ይወለውላሉ።

ዶክተር ኤልናታን እየሮጠ መጣ። «ሃምሳ አለቃ፣ እባክዎ! ይህን ቢነፉ ሳንባዎ አይችልም። ሊሞቱ ይችላሉ።»

«ትንፋሹ የእሷ ነው» አሉት በእርጋታ። «አደራ ነው ያስቀመጠችው። ልመልስላት።»

ወደ ግቢው በር ወጡ። ደረታቸውን ነፉ፤ ከዚያ ጡሩንባውን ነፉ።

ምን ብዬ ልንገራችሁ? ያ ድምፅ ከዚያ ከሲታ ሽማግሌ ይወጣል ብሎ ያሰበ የለም። በኮልፌ ጡሩንባ ትርጉሙ አንድ ነው፤ እድር እየጠራ ነው፣ ሰው ሞቷል። እሱም ቢሆን የሚነፋው ገና ጎህ ሲቀድ ነው፤ ባሁኑ ጊዜማ ብዙው እድር በቴሌግራም ሆኗል። በጠራራ ፀሐይ ጡሩንባ ከተነፋ ድንገተኛ ነገር ነው። በር ይከፈት ጀመር። ጎሚስታው ጎማውን ጥሎ ወጣ። ሹሩባዋ እኩሌታው ብቻ የተሠራ ሴት ከነማበጠሪያዋ ወጣች። እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። ከማዶው ቸርች መዘምራኑ ልምምዳቸውን አቋርጠው ከነልብሳቸው መጡ። የታክሲው ረዳት አፉን ዘጋ። በእግዜር፣ ዘጋ!

«ማን ሞተ? ኧረ ማን ሞተ?» ይላል ሁሉም።

ሃምሳ አለቃ ለሦስተኛ ጊዜ ነፍተው ሲጨርሱ ከንፈራቸው ጠቆረ። በሩ ሥር ባለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ መናገር አልቻሉም። በዓይናቸው ብቻ አዩኝ። ሕዝቡም አየኝ። ያን ያህል ሰው ዝም ብሎ እኔን ሲጠብቅ በሕይወቴ የመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

«ማንም አልሞተም!» አልኩ። «እንዳትሞት ነው የጠራናችሁ!»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ወላዷን፣ ደሙን፣ ጓንቱን ሳይቀር። እየተናገርኩ ሳለ አንድ ሰው በቁጣ ሕዝቡን እየገፉ መጡ። የሰፈራችን እድር ጡሩንባ ነፊ ጋሽ አምሐ ናቸው፤ የራሳቸውን ጡሩንባ በብብታቸው ይዘዋል።

«የእኔን ጥሪ ያለ ሊቀመንበር ትእዛዝ የነፋው ማን ነው?» አሉ። «ሕግ የለም? ሰው በሞት ይቀለዳል?»

ድንጋዩ ላይ የሚያቃስቱትን ሽማግሌ አዩ፤ ጉልበታቸው ላይ ያለውን ጡሩንባ አዩ፤ እኔ ያልኩትንም ሰሙ። ከዚያ ያለ አንዳች ቃል ፊታቸውን ወደ ቀራንዮ አዙረው ነፉ።

እስኪያልቅ ጠበቅን። ዝም ሲል ከቀራንዮ በኩል፣ ከሩቅ፣ ሌላ ጡሩንባ መለሰ። ቀጥሎ ከቤቴል በኩል። ከዚያ ወዲያ ማዶ፣ ወደ አስኮ፣ በቀጭኑ አንድ ሌላ። ማን እንደሞተ ሳያውቁ፣ አንዱ ሲጠራ ሌላው እየተቀበለ ነው። ዘምሬ፣ ጸልዬ፣ ጾሜ አውቃለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን እግዚአብሔርን ፈርቼ አላውቅም። ከአጠገቤ ያለችው ዘማሪ፣ በኋላ ሆሳዕና እንደምትባል የሰማሁት፣ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ፤ ማን እንደሆንኩም አታውቅም።

ሰዉ ጎረፈ። የእድሩ ወንዶች ከልማድ የተነሣ የለቅሶውን ድንኳንና አግዳሚ ወንበሩን ተሸክመው መጥተው ግቢያችን ውስጥ ተከሉት። ማንም «ተዉ» አላላቸውም፤ ለተሰላፊው ጥላ ሆነለት። ጣት ተወጋ፣ ደም ታየ፣ «ቀጣይ!» ተባለ። ጎሚስታው ኦ ኔጌቲቭ ሆነ። ሆሳዕናም ሆነች። የታክሲው ረዳትም ሆነና «እኔ? እኔ እኮ ቁርስ እንኳ በወጉ አልበላሁም» እያለ ክንዱን ዘረጋ። ጋሽ አምሐ ኦ ፖዘቲቭ ናቸው ሲባሉ ተናደው «እንደገና ይታይ!» አሉ። ሃምሳ አለቃ ደግፌን ወደ ውስጥ አስገብተው ኦክስጅን ላይ አደረጓቸው። ስለ እሳቸውም ስለ እሷም የሚነግረኝ አጣሁ።

ፀሐይ ዘቀዘቀች። ደሙን ሰጥቶ የጨረሰውም፣ ደሙ ያልሆነውም አንድ ሰው አልሄደም። ለቅሶ ቤት የገባ ሳይሰናበት አይወጣምና አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ይጠብቃሉ።

ዶክተር ኤልናታን ብቅ አለ። ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ከእናቶቹ መሐል ዘፍ ብሎ ተቀመጠና አንድ ቃል ብቻ ተናገረ።

«ቆመ።»

አንዲት ሴት «ወይኔ ልጄን!» ብላ ደረቷን መታች። ለቅሶው ሊቀጣጠል ነው። ዶክተሩ ደንግጦ ተነሣ። «ኧረ ደሙ! ደሙ ነው የቆመው! እሷማ ነቅታ ልጄን አምጡልኝ እያለች ነው!»

ያን ጊዜ፣ እንደ ታዘዘ ሁሉ፣ መብራት መጣ። ማይኬ ጋ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። የሚያምር ነገር ልናገር አስቤ ነበር፤ አልመጣልኝም። «የሠራተኞች ዜና» አልኩ እያለቀስኩ። «ሲስተር ሌሊሴ በሰላም ተገላገለች።»

በመስኮት አየኋቸው። እናቶቹ ከየአግዳሚው ተነሡና አዘቅዝቀው የለበሱትን ነጠላ አንድ በአንድ አስተካከሉ። እልልታው ከዚያ በኋላ ነው የመጣው።

ወደ ሃምሳ አለቃ ደግፌ ክፍል ሄድኩ። የኦክስጅን ጭምብል አፋቸው ላይ አለ፤ ዓይናቸው በመስኮቱ ላይ ነው። ጭምብሉን በጣታቸው ከፍ አደረጉ።

«ተነሡ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ተነሡ፣ ሃምሳ አለቃ። ኮልፌ ሙሉውን ተነሥቷል።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኔም ተቀምጬ እጃቸውን ያዝኩ።

ከዚያ ወዲያ ለብዙ ቀን መናገር አልቻሉም፤ ያቺው የተረፈቻቸው ሳንባ ተጎድታ ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት ሌሊሴ ራሷ በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፋች ክፍላቸው ገባች። ፊቷ ገርጥቷል፤ ልጇን አቅፋለች።

«አባባ፣ ያስቀመጥኩትን ሁሉ አጠፉብኝ አይደል?» አለቻቸው። ከጋቢዋ ሥር ጓንት አወጣች። «በሉ፣ ይንፉ።»

ነፉ። ጓንቱ ተንጠለጠለ። እንደገና ነፉ፤ አውራ ጣቱ ትንሽ ተንቀጠቀጠና ቀና አለ። ሌሊሴ ሕፃኗን ጎንበስ አድርጋ ጣቱን አሳየቻት።

የዚያን ቀን በምሳ ሰዓት ማይኬን ከፈትኩ። ዜናዬ አንድ ብቻ ነበር፤ «ሃምሳ አለቃ ደግፌ ዛሬ ጠዋት አንድ ጣት ነፉ» አልኩ። ከምግብ አዳራሹ ምንም ድምፅ አልመጣም። ጭራሽ የማንኪያ ድምፅ እንኳ የለም። ግራ ገብቶኝ በበሩ አጮልቄ ባይ፣ ዶክተሩም፣ ዘበኛውም፣ ታካሚውም፣ መቆም የሚችለው ሁሉ ቆሟል።

ያን ቀን ሽሮው ቀዘቀዘ።